ቤቱን ሸጠናል፤ ሜዲኬይድ ይከለክለናል ወይ? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን እድራችን ውስጥ ስለ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ ተቋም) ወጪ ሲወራ ጨዋታው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቤት ሽያጭ ላይ ይወድቃል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ሜዲኬይድ (መንግሥት አቅም ለሌላቸው ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን) ለሚያመለክቱ ቤተሰቦች ወረቀት በማዘጋጀት ነው የምተዳደረው። የምችለውን እመልሳለሁ፤ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) አላት። ነርሲንግ ሆም ብትገባ እሱ አይከፍልም እንዴ?

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ አይከፍልም። ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝታ ከወጣችና የነርስ ክትትል ወይም ፊዚዮቴራፒ ካስፈለጋት እስከ 100 ቀን ያግዛል። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ ናቸው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ የራሷ ድርሻ አለ። ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ሜዲኬር የለበትም። እሱን የሚሸፍነው ሜዲኬይድ ነው። ሜዲኬይድ ደግሞ ንብረት ይቆጥራል።

ጥያቄ፦ አባባ ቤታቸውን ከሦስት ዓመት በፊት ሸጡ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ማመልከት አይቻልም ተባልን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይህ ወሬ ስንቱን ቤተሰብ በከንቱ እንዳስጨነቀ! ቤትን በገበያ ዋጋ መሸጥ አያስቀጣም። የሜዲኬይድ መሥሪያ ቤቱ ከማመልከቻው በፊት ያለውን የ60 ወር ሰነድ የሚያገላብጠው ሽያጭ ፍለጋ ሳይሆን ስጦታ ፍለጋ ነው። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ቤቱ በትክክለኛ ዋጋ ተሸጠ ወይ? ገንዘቡስ የት ገባ? አባባ በገንዘቡ ኪራይ ከፍለው፣ ታክመው፣ በልተው ጠጥተው ከጨረሱት፣ የባንክ ወረቀቱ ያንን ካሳየ ነገሩ አለቀ። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ከሆነ ግን ቅጣት ባይኖርም ገና ብቁ አይደሉም። ቤት ሆኖ ሳለ የማይቆጠረው ንብረት ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ይቆጠራል። ለአንድ ብቸኛ ሰው ጣሪያው ሜሪላንድ 2,500፣ ቨርጂኒያ 2,000፣ ዲሲ 4,000 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ እኛ 400,000 የሚያወጣውን ቤት ለወንድሜ በ150,000 ነው ያዞርነው። ባንኩም ተስማምቶ ነበር። ከእናቴ ስም ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

መልስ፦ ባንኩ የሚጨነቀው ለብድሩ ነው። «ጊፍት ኦፍ ኤኩዊቲ» (ከቤቱ ዋጋ ላይ የተሰጠ ስጦታ) ብሎ ሲፈርም ቀሪውን 250,000 ስጦታ ብሎ ጻፈው ማለት ነው። ሜዲኬይድም በዚያው ስሙ ይጠራዋል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። የስጦታው መጠን ስቴቱ ለአንድ ወር የነርሲንግ ሆም አማካይ ወጪ ብሎ ላስቀመጠው ቁጥር ይካፈላል። ለሒሳቡ እንዲመች ቁጥሩን 10,000 እንበል። 250,000 ሲካፈል 25 ወር ይመጣል። ለ25 ወር ሜዲኬይድ የነርሲንግ ሆሙን አይከፍልም።

አሁን የሚያንገበግበውን ላምጣው። ቅጣቱ መቆጠር የሚጀምረው ቤቱ ከተላለፈበት ቀን አይደለም። እናትሽ ነርሲንግ ሆም የሚያስገባ ሕመም ኖሯት፣ ገንዘቧ አልቆ፣ ካመለከተች በኋላ ነው። እጇ ባዶ በሆነበት ሰዓት 25 ወሩ «አንድ» ብሎ ይጀምራል ማለት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ነው እንዲህ ያደረገው፤ ሰነድ ወደ ኋላ የሚታይበትን ጊዜም ከሦስት ዓመት ወደ አምስት ያሳደገው እሱ ነው። ጨካኝ ሕግ ነው ብል ማንም የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

መውጫው? ወንድምሽ ልዩነቱን ከመለሰ ቅጣቱ ይነሳል። በከፊል ሲመለስ ምን እንደሚሆን ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ አንዲት ዶላር ከመንቀሳቀሷ በፊት ኤልደር ሎው (የአረጋውያን ጉዳይ ሕግ) የሚሠራ ጠበቃ አማክሩ።

ጥያቄ፦ ቤቱን ለልጆች በስጦታ ከሰጠን 58 ወር ሆኖናል። አሁን ብናመለክትስ?

መልስ፦ ኧረ ቆዩ! የቅጣቱ ርዝመት ጣሪያ የለውም። 900,000 የሚያወጣ ቤት ሰጥታችሁ በ59ኛው ወር ብታመለክቱ፣ በዚያው በ10,000 ስሌት 90 ወር ትቀጣላችሁ። 60ው ካለፈ በኋላ ስታመለክቱ ግን ያ ስጦታ ከነጭራሹ አይጠየቅም። የቀሩትን ወራት ከኪስ፣ ካስፈለገም ልጆቹ አዋጥተው ይክፈሉ። ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ያለችው የቢሮ ሠራተኛ «ቶሎ አመልክቱ» ብትላችሁ አትፍረዱባት፤ እሷ የምታስበው ሒሳቧን ነው።

ጥያቄ፦ በዓመት 19,000 ዶላር መስጠት ይፈቀዳል ይባላል እኮ!

መልስ፦ እሱ የ2025 የግብር ሕግ ነው። ሜዲኬይድ አያውቀውም። 5,000 ብትሰጥም ስጦታ ነው።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባውን ቤት ሸጠን ለእህት ወንድሞች አካፈልን። አሜሪካ ምን አገባው?

መልስ፦ ያገባዋል። ፎርሙ ላይ የምትፈርሙት ያላችሁን ንብረት ሁሉ ነው፤ ቦሌ ያለውንም ጭምር። ባለፉት አምስት ዓመታት ተሸጦ ከተካፈለ በእናታችሁ ስም የነበረው ድርሻ ስጦታ ነው። ቤቱ ድሮም የእህት ወንድሞች ውርስ ከነበረ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ወሰደ። ይህን የሚያረጋግጠው የፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔ ነው። አስተርጉማችሁ ያዙት። የሽያጭ ውሉንና በወቅቱ የነበረውን የባንክ ምንዛሪ የሚያሳይ ወረቀትም አትጣሉ። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዶላሩ ስንት ነበር የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

ጥያቄ፦ እማማ ከሽያጩ ላይ ለቤተክርስቲያን ሕንፃ 30,000 ሰጥተዋል። ይህም ይቆጠራል?

መልስ፦ በሰማይ ቤት ዋጋ ይኑረው፤ እዚህ ግን በአብዛኛው እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ደረሰኙን ያዙ። ነርሲንግ ሆም የመግባት ሐሳብ ጨርሶ ባልነበረበት ጊዜ፣ ለሌላ ዓላማ መሰጠቱን ማስረዳት ይቻላል። ማስረዳቱ ግን ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ከእናቴ ጋር ኖሬ ስጦራት ቆይቻለሁ። ቤቱን ለእኔ ማዞር ትችላለች?

መልስ፦ ምናልባት። ነርሲንግ ሆም ከመግባቷ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት አብረሻት ኖረሽ፣ የአንቺ እንክብካቤ ቤት እንድትቆይ ካደረጋት፣ ያለ ቅጣት ማዞር ይፈቀዳል። የሐኪም ደብዳቤና የአንቺ መታወቂያ አድራሻ ይጠየቃል። ለባል ወይም ለሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ ዓይነ ስውር ለሆነ ወይም ቋሚ የአካል ጉዳት ላለበት ልጅ ማዞርም አያስቀጣም። ከእናቱ ጋር አንድ ቀን ኖሮ የማያውቅ ልጅ «እኔም ጧሪ ነኝ» ብሎ ሲመጣ አይቻለሁ፤ አልሠራለትም።

ለድካምሽ ደመወዝ ከተቀበልሽ ደግሞ ቀድሞ የተፈረመ ውል ይኑር፤ ግብሩም ይከፈል። ያለ ውል እናት ለልጅ የከፈለችው እንደ ስጦታ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ እኛ ገና አልሸጥንም። እንሽጥ?

መልስ፦ አትቸኩሉ። አባታችሁ ነርሲንግ ሆም ገብተው እናታችሁ ቤቱ ውስጥ ካሉ ቤቱ አይቆጠርም። ብቸኛ ሰው ቢሆኑም «እመለሳለሁ» ብለው ከጻፉ በብዙ ስቴት አይቆጠርም፤ በ2025 የኤኩዊቲው (የቤቱ ዋጋ ዕዳው ሲቀነስለት) ጣሪያ እንደየስቴቱ ከ730,000 እስከ 1,097,000 ዶላር ነበር። ግን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስቴቶች 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው የከፈሉትን ከሞት በኋላ ከውርሱ የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው። ሚስት በሕይወት እያለች አይነኩትም።

ጥያቄ፦ ምን ምን ወረቀት እናዘጋጅ?

መልስ፦ የ60 ወር የባንክ ስቴትመንት፣ የክሎዚንግ (የሽያጭ መዝጊያ) ሰነዱ፣ ዲዱ (የባለቤትነት ሰነዱ)፣ በሽያጩ ጊዜ የተሠራ አፕሬይዛል (የዋጋ ግምት)። የእናትና የልጅ ስም አብሮ ያለበት አካውንት ካለ እሱንም ጨምሩ። እቁብ የጣላችሁበት ካለ የሰብሳቢው ፊርማ ያለበት ወረቀት አሁኑኑ አስጽፉ፤ በየወሩ የወጣችውን 1,000 ዶላር «ለማን ነው የሰጣችሁት?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።