ጋቢያቸውን ሊያደገድጉ ሲሉ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። ከ20 ዓመት በላይ አሜሪካ ኖሬ ተመልሻለሁ። ወላጆቻችሁን ልትወስዱ ቪዛ የምታስጨርሱ ካላችሁ፣ አውሮፕላን ሳታሳፍሯቸው ይቺን አንብቡልኝ።

አባቴ የቢቸና ሰው ናቸው። እኔ ዘንድ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና በጠዋቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከጓሮዬ የቆረጡትን ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሰፈሩን ሊዞሩ ወጡ። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። በመስኮት ሳይ ፖሊሱ ከመኪናው ወርዶ "ጣለው!" እያለ ይጮኻል። እሳቸው እንግሊዝኛ አይሰሙም። ሹም ፊት እንደቀረበ ሰው ነው የሆኑት። ዱላውን በግራ ይዘው፣ ወደ ፖሊሱ እየተጠጉ፣ ቀኝ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ሰደዱ። ሊያደገድጉ ነበር።

እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ምን አክብሮት አለ? ለፖሊሱ ግን መሣሪያ የሚያወጣ ሰው ነበሩ።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ፖሊሱ አልተኮሰም። ሦስት እርምጃ ያህል አፈግፍጎ ከመኪናው ጀርባ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ደርሼ፣ እጄን ከፍ አድርጌ "አባቴ ናቸው፣ እንግሊዝኛ አይችሉም" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ነገሩ ማንበብ የጀመርኩት። ከጊኒ ቤተሰብ የተወለደው ስደተኛ አማዱ ዲያሎ ገና 23 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዮርክ ውስጥ፣ እቤቱ በር ላይ፣ አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኮሱበት። እጁ ላይ የተገኘው የኪስ ቦርሳው ነው። ፖሊሶቹ በፍርድ ቤት ነፃ ወጡ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጆሹዋ ኮረል የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ጥናት አወጣ። ሰዎችን የቪዲዮ ጌም ዓይነት ነገር አጫወቷቸው። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ወይም ነጭ ሰው ብቅ ይላል። አንዱ ሽጉጥ፣ ሌላው ሞባይል፣ ቦርሳ ወይም የለስላሳ ጣሳ ይዟል። ተሳታፊዎቹ መሣሪያ የያዘ ጥቁር ላይ ከነጩ ይልቅ ፈጥነው ተኮሱ። መሣሪያ ያልያዘው ጥቁር ላይ ግን "አልተኩስም" ለማለት ዘገዩ። በ2007 ፖሊሶች ሲፈተኑ ከተራው ሰው የተሻለ ወሰኑ። ያቺ መዘግየት ግን እነሱም ላይ ታየች። አያችሁ፣ የሰኮንድ ሽራፊ ናት። እኛ ደግሞ በዚያችው ሽራፊ እጃችንን ኪሳችን ውስጥ እንከታለን።

ጥፋቱ የእናንተ ነው እያልኩ አይደለም። በ2023 የወጣ ጥናት ፖሊሶች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉትን ካሜራ ቅጂ መረመረ። ፖሊሱ ጥቁር ሾፌር አስቁሞ የሚናገራቸው የመጀመሪያዎቹ 45 ቃላት መጨረሻውን ይጠቁማሉ። ምክንያቱን ሳይናገር በትእዛዝ ከጀመረ፣ ነገሩ ወደ ፍተሻና ካቴና የመሄድ ዕድሉ ይጨምራል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ውስጥ ደግሞ ፖሊሶች ራቅ ብለው፣ ታግሰው እንዲያናግሩ ሲሠለጥኑ ኃይል መጠቀማቸው 28 በመቶ ቀነሰ። አባቴን ያተረፈችውም ያቺው ማፈግፈግ ናት። ለውጡ የሚጠበቀው ከእነሱ ነው። እስከዚያው ግን በሰላም ቤታችሁ እንድትገቡ እፈልጋለሁ።

ደጀን መውጫ ላይ ትራፊክ ሲያስቆመን መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ይዘን እንወርዳለን። አሜሪካ እንዳትወርዱ! የውስጥ መብራት አብሩ፣ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። መንጃ ፈቃዱ የት እንዳለ ሳትናገሩ እጃችሁን አትላኩ። ውረዱ ከተባላችሁ ውረዱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ለፖሊሶቹ ፈቅዶላቸዋል። ቢበድሏችሁም እዚያው መንገድ ላይ አትሟገቱ። ሰዓቱንና የፖሊስ መኪናውን ቁጥር ያዙ፣ በማግስቱ በጠበቃ ክሰሱ።

ለወላጆቻችሁ ደግሞ "እንግሊዝኛ አልችልም፣ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" የሚል ካርድ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አንገታቸው ላይ አንጠልጥሉላቸው። ኪስ ውስጥ አይሁን።

ባለፈው ሳምንት ቪዛ የወጣላቸው ጎረቤቴን አለማመድኳቸው። "እጄን ነጠላዬ ውስጥ ካላስገባሁ የት ላድርገው ልጄ?" አሉኝ። መዳፋቸውን ገልጬ ወደ ፊት ዘረጋሁላቸው። እንደ ልመና ስለመሰላቸው ከፋቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ራሳቸው ዘረጉት።