በረኪናና አሲድ አልቀላቅልም ብል ያባርሩኛል?

ጥያቄ፦ በኤጀንሲ ተቀጥሬ የቢሮ ሕንፃ አጸዳለሁ። ቫይረስ ገብቷል ከተባለ ወዲህ ሱፐርቫይዘሬ "ጠንከር እንዲል" እያለ በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ በአንድ ባልዲ ያስቀላቅለኛል። ጓንት ስጠይቅ ከደመወዜ ቆርጠው ነው የሚሰጡኝ። ባለፈው ዓይኔ ተቃጥሎ፣ ሳል አፍኖኝ ሮጬ ወጣሁ። እምቢ ብል ያባርሩኛል?

መልስ፦ ከሕጉ በፊት ባልዲውን እንጨርስ። ከዛሬ ጀምሮ አይቀላቅሉ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከሆነ ደግሞ ክሎራሚን። ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ። ያፈነዎትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ቫይረስ ለመግደል ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ ቆሻሻ ካለ በረኪናው ይደክማል። ከዚያ የተበጠበጠው በረኪና ይቀባና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮቪድ የመከረው 0.1 በመቶ ነው፤ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 155፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት አላግባብ መጎዳት የለበትም (አንቀጽ 13)። ጓንቱስ? አንቀጽ 21 የደህንነት እርምጃ ሠራተኛውን ወጪ አያስወጣው ይላል። ስለዚህ ከደመወዝ መቁረጡ አያስኬድም። ዝርዝር አፈጻጸሙን የሚወስነው ግን የአገርዎ የሠራተኛ ሕግ ነው፤ የአቤቱታ ቀነ ገደቡንም እዚያው ይዩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተናዶ ባልዲውን ጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ "ሥራ ጥሎ ጠፋ" ተብሎ ይጻፍበታል፤ እኛም ጠበቆቹ የምንከራከረው ስለ ጋዙ መሆኑ ይቀርና ስለ መቅረቱ ይሆናል። እርስዎ ሥራውን እምቢ አላሉም፤ መቀላቀሉን ነው እምቢ ያሉት። ስምምነቱም አደጋውን ወዲያው ለቅርብ አለቃ ማሳወቅን ይጠይቃል። እዚያው ቆመው በስልክዎ እንዲህ ብለው ይላኩለት፦ "ሁለቱን መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ አልቀላቅልም። በበረኪና ብቻ አጸዳለሁ። ጓንትና መነጽር ይሰጠኝ።" ቀንና ሰዓቱ በራሱ ይመዘገባል። ለኤጀንሲውም፣ ለሕንፃው አስተዳደርም ያስተላልፉት። በአንድ ቦታ የሚሠሩ ሁለት ድርጅቶች በደህንነት ጉዳይ መተባበር ስላለባቸው "እኔን አይመለከተኝም" ማለት ያን ያህል አይቀልም።

የሁለቱን ጠርሙሶች ጽሑፍ ፎቶ ያንሱ። ጓንት የተቆረጠበትን የደመወዝ ወረቀት አይጣሉ። ሐኪም ካላዩ ደግሞ ነገ ሳይሉ ይሂዱ፤ ምን ከምን ጋር እንደቀላቀሉ በስሙ ይንገሩትና ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።