ለሐይቅ ወፎችና ለአቡነ ዮሴፍ ቀበሮ የቱን ሌንስ ልግዛ?

«ሰላም ጋሼ። ሐይቅ ከተማ የማስተምር መምህር ነኝ። ካሜራዬ ካነን 80ዲ ነው፤ ሌንሴ ከ70 እስከ 300። ሐይቁ ዳር አሳ አጥማጇን ወፍ ባነሳኋት ቁጥር ነጥብ ታህላለች። ለገና ደግሞ ላሊበላ ዘመዶቼ ጋ እሄዳለሁ፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጥቼ ቀይ ቀበሮ ማንሳት እፈልጋለሁ። አንድ ነጋዴ ሦስት ነገር አቅርቦልኛል፤ ሌንሴን በእጥፍ የሚያረዝም ኤክስቴንደር፣ ያገለገለ የካነን 400 ኤፍ 5.6፣ እና ያገለገለ ሲግማ ከ150 እስከ 600። ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱን ልያዝ?»

አብሽር ወንድሜ። ሲግማውን ያዝ። ኤክስቴንደሩን ግን ተወው። ምክንያቱንም ልንገርህ፤ ነገ ሌላ ሌንስ ሲያቀርቡልህ ራስህ እንድትመዝን።

መጀመሪያ ወፏን እንለካት። 300፣ 400፣ 600 የምንላቸው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚሊ ሜትር ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ወፏ ትጎላለች። ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉሯ አሳ አጥማጅ ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ከአንተ 20 ሜትር ርቃ ሸምበቆ ላይ ተቀምጣለች እንበል። በ300 ስታነሳት ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ፎቶውን የሚቀዳው ሰሌዳ) ላይ የምታርፈው 4 ሚሊ ሜትር እንኳ ሳትሞላ ነው። የ80ዲ ሴንሰር ወርዱ 22.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ወፏ የምትይዘው የፎቶውን ወርድ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። በ400 አንድ አምስተኛውን ትንሽ አልፋ ትይዛለች። በ600 ሲሶውን ትይዛለች።

አሁን ደግሞ ያንኑ የ300 ሌንስህን ይዘህ 10 ሜትር ድረስ ብትጠጋትስ? ያኔም ሲሶውን ትይዛለች። ርቀቱን በግማሽ መቀነስና ሌንሱን በእጥፍ ማስረዘም ውጤታቸው እኩል ነው። ይህንን የማነሳው ሌንስ አትግዛ ለማለት አይደለም። 600 ይዘህም ከ60 ሜትር ላይ ብታነሳ ያው ነጥብ ናት የምታገኘው።

ኤክስቴንደሩ 300ውን 600 ያደርገዋል፤ ይህ እውነት ነው። የሚበላውን ብርሃን ግን ነጋዴው አልነገረህም። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ሌንሱ የሚያስገባውን ብርሃን ይነግርሃል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ ያንሳል። ሌንስህ 300 ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ነው። ባለ እጥፍ ኤክስቴንደር ሲገባበት ኤፍ 11 ይሆናል። ይህ ማለት የሚቀርህ ብርሃን ሩቡ ብቻ ነው። 80ዲ ደግሞ በመመልከቻው መስኮት ስታነሳ አውቶፎከሱ (ካሜራው በራሱ ፎከስ ማድረጉ) የሚሠራው ቢበዛ እስከ ኤፍ 8 ነው። ፎከሱን በእጅህ እያዞርክ የምትወናጨፍ ወፍ ማንሳት ደግሞ ከባድ ነው። ሌላም አለ። የካነን የራሱ ኤክስቴንደር ከ70 እስከ 300 ሌንሶች ላይ አይገጥምም። የቀረበልህ የሌላ ፋብሪካ ሥራ መሆን አለበት።

400ውን በተመለከተ ልቤ ሁለት ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ሌንስ ነው። ካነን ያወጣው በ1993 ነው። 1,250 ግራም ብቻ ይመዝናል። ገና ኤፍ 5.6 ላይ ጥርት ያለ ፎቶ ይሰጣል፤ ፎከሱም ፈጣን ነው። «የማነሳው የሚበር ወፍ ብቻ ነው» ብትለኝ ኖሮ እሱን እልህ ነበር። ላሊበላ ገደል አፋፍ ላይ ሆነህ ያ አጥንት እየጣለ የሚሰብረው ጢማም አሞራ በፊትህ ሲያልፍ፣ ቀላል ሌንስ ይዞ መከተልን የመሰለ ነገር የለም። ግን ስታቢላይዘር፣ ማለትም የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስታግሰው መሣሪያ፣ የለውም። ዙምም የለውም። ከ3.5 ሜትር ወዲህ ያለን ነገር ፎከስ አያደርግም። አቡነ ዮሴፍ ላይ ጭላዳዎች አጠገብህ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ታገኛቸዋለህ፤ መንጋውን በሙሉ ልታነሳ ስትል 400 ይጠብብሃል።

ሲግማው 150 ላይ መንጋውን ይይዝልሃል፤ 600 ላይ ወፏን ያመጣልሃል። ስታቢላይዘርም አለው። 600 ላይ ኤፍ 6.3 ነው፤ ከኤፍ 5.6 ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)፤ አያስጨንቅህ። ካሜራህም ላይ አውቶፎከሱ ይሠራል።

እዚህ ጋ ግን ቆም በል። የሲግማ ከ150 እስከ 600 ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኮንቴምፖራሪ ይባላል፤ 1,930 ግራም ነው። ሌላው ስፖርትስ ይባላል፤ 2,860 ግራም ነው። ሌንሱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ምልክት እይ፤ አንዱ «ሲ»፣ ሌላው «ኤስ» የሚል የላቲን ፊደል አለው። ምልክቱ ተፍቆ ከሆነ የፊት ፊልተሩን (ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠለቀውን መስታወት) ስፋት ጠይቅ። 95 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮንቴምፖራሪው ነው፤ 105 ከሆነ ስፖርትሱ ነው። አንተ የምትፈልገው ኮንቴምፖራሪውን ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ በእጅህ ያለ አንድ ኪሎ ሌላ ነገር ነው። እጁ የዛለ ሰው ቀበሮው ብቅ ሲል ሌንሱን ቦርሳ ውስጥ ከቶታል።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዛ በቀን ግዛ፤ ሳትፈትሽም ገንዘብ አትስጥ። እኔ በጀማሪነቴ አንድ ረጅም ሌንስ አመሻሽ ላይ ሱቅ ውስጥ አይቼ ገዛሁ። ቤት ገብቼ በመብራት ሳየው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ነበረበት። ፈትቼ ጠረግሁት። ሻጋታው ግን የመስታወቱን ሽፋን በልቶት ነበር፤ ፀሐይ ትይዩ ሲሆን ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ክዳን አንሳ፣ የስልክህን መብራት ከኋላ አብራ፣ ከፊት በኩል በሰያፍ ተመልከት። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይደለም። ድር ወይም ጭጋግ ካየህ ተወው።

ቀጥሎ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ወጥረህ ለጥፍ። ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አድርግ፣ ስታቢላይዘሩን አጥፋ፣ 600 ላይ በኤፍ 6.3 አንሳው። አራቱን ማዕዘን አጉልተህ አወዳድር። አንዱ ጠርዝ ላይ ፊደሉ ተነቦ ሌላው ላይ ከፈሰሰ፣ ሌንሱ ወድቆ ውስጡ ተዛብቷል ማለት ይቻላል። ፊደሉ በሙሉ እኩል ከደበዘዘ ግን አትደንግጥ፤ 80ዲ ውስጥ የፎከስ ማስተካከያ አለ፤ ሌንሱ ፎከስ የሚያደርገው ወደፊት ወይም ወደኋላ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል።

ሌንሱ ላይ ርካሽ ፊልተር ተጠልቆ ከመጣ አውልቀው። «ሌንሴ ይደበዝዛል» ተብሎ ወደ እኔ የሚመጣ ሌንስ ብዙ ጊዜ የሚድነው ፊልተሩ ሲወልቅ ነው። 300 ላይ የማይታይ የመስታወት ጉድለት 600 ላይ ፎቶውን ያበላሻል። መከላከያ ካስፈለገህ የሌንሱን የፀሐይ ጥላ ሁሌ ከፊት አድርገው።

አነሳሱ ላይ ልጨምርልህ። ለሚበር ወፍ ሹተር ስፒድህን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) የሴኮንድ 1/2000ኛ አድርግ። ስታቢላይዘር የእጅህን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፏን ክንፍ አያቆምም። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 1600 ከፍ አድርግ። ትንሽ ሻካራ ፎቶ ይሻላል፤ የተንቀጠቀጠውን ማንም አያድነውም። ተቀምጣ ከሆነ ኤፍ 8 ላይ አድርገው፤ ይህ ሌንስ እዚያ ላይ የበለጠ ይጠራል።

ሰዓቱ ደግሞ ከሌንሱ እኩል ነው። ሐይቁ ዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት አንሳ። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ከመሬቱና ከውሃው የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል። በ600 ከሩቅ ስታነሳ ወፏ በፈላ ውሃ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ይህንን የሚያስተካክል ሌንስ የለም፤ ስንት ብር ቢወጣበትም። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ተመለስ።

ማቆሚያ ለመግዛት አትቸኩል። ከወፍራም ጨርቅ የክንድ ያህል ከረጢት አሰፋና ሁለት ሦስተኛውን ሽንብራ ሙላበት። ካብ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ሌንሱን ጫንበት፤ ሽንብራው ተከፍሎ ሌንሱን እንደ ጎጆ ያቅፈዋል። ላሊበላ ስትሄድ ባዶውን ይዘህ ሂድ፤ ሽንብራውን እዚያው ትገዛለህ።

ወፏ ጋ ስትጠጋ ነጭ ጋቢህን ቤት ተወው። ጎህ ሳይቀድ ሂድና ሸምበቆው አጠገብ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ። አሳ አጥማጇ የምትወዳት አንዲት ቅርንጫፍ አለቻት፤ ደጋግማ እዚያው ትመለሳለች። ሁለት ቀን ያለ ካሜራ ሄደህ ቅርንጫፏን ለያት። በሦስተኛው ቀን ከእሷ 10 ሜትር ላይ ሆነህ ብትጠብቃት፣ በ600 የፎቶውን ወርድ ሁለት ሦስተኛ ትሞላልሃለች።

ቀይ ቀበሮውን ግን እንዲህ አትጠጋው። በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያንሳሉ። የአካባቢውን መሪ ይዘህ ሂድ፣ ጅብራው ሥር ተቀመጥ፣ እሱ ይምጣ። የሚያድነው በቀን ነው፤ አይጥ ፍለጋ ሜዳውን እየዞረ ራሱ ይቀርብሃል። ትርፍ ባትሪህን የውስጥ ኪስህ ውስጥ ያዝ፤ የአቡነ ዮሴፍ ጠዋት ብርድ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።