የአንባብያን ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን አጭር ፊልም ግቢ ውስጥ መሥራት

ለዚህ ዓምድ ከሚመጡት ደብዳቤዎች መካከል በዚህ ወር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ በዝቷል። ሦስቱን መርጫለሁ። እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ብዙ ዘመኔን የኖርኩት ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ከካሜራው ጎን ነው። ስለዚህ መልሶቼ ወደ ድምፅ ቢያደሉ አንባቢ ይረዳኛል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የ3ኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። አምስት ሆነን አጭር ፊልም ልንሠራ ተነሥተናል። ስክሪፕቱን ጨርሻለሁ፣ 38 ገጽ ነው፤ አብሬ ልኬልዎታለሁ። ከግቢ የተባረረ ልጅ ታሪክ ነው። አባቱ ገበሬ ናቸው። ልጁ መባረሩን ደብቆ አዲስ አበባ ይገባል፣ ይታመማል፣ ሆስፒታል ይተኛል፣ መጨረሻ ላይ ሊሰደድ ሲል ድንበር ላይ ፖሊስ ይይዘዋል። ሠርግ የሚቀርጽ ዘመድ ያለው ጓደኛ አለን፤ ካሜራ በቀን ኪራይ ያመጣልናል። እንከራይ ወይስ ገንዘብ እስክናጠራቅም እንጠብቅ? ዲፓርትመንታችን ውስጥ ስለ ፊልም የምንጠይቀው ሰው የለም።»

መልስ፦ አትከራዩ፣ አትጠብቁም። አምስታችሁም ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። የኪራዩን ገንዘብ ለአንዲት ልብስ ላይ ለምትሰካ ትንሽ ማይክና ለቀረጻው ቀን ምሳ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ስክሪፕቱ እንምጣ። በልማድ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የጻፍከው 38 ደቂቃ ነው። የኦስካር አካዳሚ አጭር ፊልም የሚለው እስከ 40 ደቂቃ ያለውን ስለሆነ በስም ደረጃ አልተሳሳትክም። ግን ሆስፒታል አለ፣ ፖሊስ ጣቢያ አለ፣ ድንበር አለ፣ አዲስ አበባ አለ። ለእያንዳንዱ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ትራንስፖርት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በሚድና በፋይናል መካከል ልታደርጉት ነው። ብዙ የተማሪ ፊልም ተጀምሮ የቀረው እዚህ ጋ ነው። ግማሹ ይቀረጻል፣ ፈተና ይመጣል፣ ዋናው ተዋናይ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ከዚያ ፋይሉ አንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። እናንተ እንድትጨርሱ እፈልጋለሁ። የጨረሰ ሰው የሚማረው ትምህርት ካልጨረሰው በጣም ይለያል፤ ሥራውን ሰው ፊት አስቀምጦ ሰው የት ጋ እንደሚሰለች በዓይኑ ያያልና።

ደስ የሚለው ነገር፣ ፊልሙ ስክሪፕትህ ውስጥ አለ። ገጽ 4 ላይ ነው። ልጁ ዶርም ውስጥ ብቻውን ዕቃውን እየሸከፈ ነው። አባቱ ይደውላሉ። ለሚቀጥለው ወር ገንዘብ ሊልኩለት በሬውን ሊሸጡ ነው። ይኸው ነው። አዲስ አበባውም፣ ሆስፒታሉም፣ ድንበሩም ይቅር። አንድ ክፍል፣ አንድ ልጅ፣ አንድ የስልክ ጥሪ፣ አምስት ደቂቃ።

አንተ ስልኩን ከዘጋ በኋላ እንዲህ አስብለኸዋል፦ «አባቴ ሆይ፣ የደከሙበት ልፋትዎ ሁሉ ከንቱ ሆነ! ይህን መርዶ እንዴት ብዬ ልንገርዎ?» ብቻውን ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ እንዲህ ብሎ አያወራም። ይህ መድረክ ላይ ያምራል፤ ካሜራ ፊት ግን ሐሰት ይሆናል። አባትየውን ጨርሶ አውጣቸውና የልጁን ወገን ብቻ አስቀምጥ፦

«አቤት አባባ።»
«ደህና ነኝ። ሰላም ነው።»
«እሱማ ጥሩ ነው… አዎ። አልፌያለሁ።»
«አይ፣ አያስፈልግም። አለኝ። አለኝ እኮ ነው የምልዎት።»
«አባባ… አይሽጡት።»

መባረሩን ማን ነገረን? ማንም። አልጋው ላይ የተዘረጋው ሻንጣና የተጠቀለለው ፍራሽ ነገረን። ምን እንደሚሸጥም ልጁ አልተናገረም። ግን ከጥሪው በፊት ስልኩ ላይ የበሬውን ፎቶ ሲያይ ካሳየኸን እናውቃለን። ተመልካች ራሱ ያገኘውን ነገር አይረሳም።

የአባትየውን ድምፅ በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይህ የኔ መንደር ነውና። ከናንተ መካከል አጎቱ ወይም አባቱ ገጠር ያለ ሰው አይጠፋም። አስፈቅዳችሁ እውነተኛ ስልክ ደውሉ። ሁለተኛ ስልክ ማዳመጫው አጠገብ አድርጋችሁ ቅረጹ። ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እንዳታጸዱት። ከዚያ ኤዲት ስታደርጉ ድምፁን ዝቅ አድርጉትና ቃሉ እንዳይለይ፣ የሰውየው ድምፅ ብቻ ከልጁ ጆሮ ሥር እንዲያጉረመርም አድርጉት። ሽማግሌ ተዋናይ ሳትፈልጉ፣ መንደር ሳትሄዱ፣ መንደሩን ክፍሉ ውስጥ አስገባችሁት ማለት ነው።

ተዋናዩም ባዶ ስልክ ይዞ አያውራ። በቀረጻው ሰዓት ከናንተ አንዱ ኮሪደር ላይ ሆኖ በእውነት ይደውልለትና የአባትየውን ንግግር ይበለው። አንዳንዴ ያልተጻፈ ነገር ይጠይቀው። ሰው ሲያዳምጥ ፊቱ የሚሆነውን ነገር በትወና ማምጣት ለጀማሪ ከባድ ነው። በእውነት ሲያዳምጥ ግን በራሱ ይመጣል።

ቦታውን በጆሮ ምረጡት። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ሁላችሁም ዶርሙ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተቀመጡ። ምን ትሰማላችሁ? ኮሪደር ላይ የሚጎተት ነጠላ ጫማ፣ ባልዲ ውስጥ የሚወርድ ውኃ፣ የጎረቤት ክፍል ስፒከር፣ ከአጥር ውጪ የባጃጅ ጥሩምባ፣ መብራት ሲሄድ የሚነሣው ጀነሬተር። ብሎኩ ባዶ የሚሆንበትን የክፍል ሰዓት አጥኑ። ፕሮክተሩን ቀድማችሁ አናግሩ፤ አንድ ቀን ሲቀረው አይደለም። ክረምት ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን እዩ። ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ ከማንኛውም ንግግር በላይ ነው። ላውንጅ ውስጥ የምትቀርጹት ትዕይንት ካለ አስፈቅዳችሁ ፍሪጁን ንቀሉ። ስትነቅሉ የአንዳችሁን የዶርም ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። መልሳችሁ ሳትሰኩት ወጥታችሁ የሰው ምግብ እንዳታበላሹ የድምፅ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ነው።

የዶርም ግድግዳ ሲሚንቶ ነው፤ ድምፅ ይመልሳል። ከካሜራው ጀርባ ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ፍራሽ አቁሙ። አንድ ስልክ ምስል ይቅረጽ፤ ሌላው ድምፅ ብቻ። ሁለቱም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ። ማይኳ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ርቃ ሸሚዙ ውስጥ ትደበቅ። እያንዳንዱን ሾት ስትጀምሩ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ ምስሉንና ድምፁን ኋላ የምታገናኙት በዚያ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ማንም ሳይንቀሳቀስ የክፍሉን ዝምታ ብቻ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ያ ዝምታ ከሌላችሁ ንግግር በቆረጣችሁ ቁጥር ድምፁ ጉድጓድ ይገባል። ከአምስታችሁ አንዱ ሥራው ይህ ብቻ ይሁን። እሱ «አልሰማሁም» ካለ ይደገማል። ዳይሬክተሩ አንተ ብትሆንም ይደገማል።

ብርሃኑን አታክብዱት። መስኮቱ ከልጁ ጎን ይሁን እንጂ ከጀርባው አይሁን። የጣሪያውን መብራት አጥፉ። ስክሪኑ ላይ የልጁ ፊት የሚታይበትን ቦታ በጣት ተጭናችሁ ያዙ፤ ብርሃንና ፎከስ ይቆለፋል። ዙም አታድርጉ፤ በእግራችሁ ቅረቡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ መልመጃ ልስጣችሁ። በ1895 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያኑ የሲኒማ ጀማሪዎች የሉሚየር ወንድማማቾች ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው 50 ሰከንድ ያህል ነበሩ። ካሜራው ቆሞ፣ ምንም ሳይቆረጥ። እያንዳንዳችሁ ግቢ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሾት አምጡ። የካፌ ሰልፍ ይሁን፣ የጣና ዳር ጀልባ ይሁን፣ ፋይናል ሳምንት ሌሊት ላይብረሪ ይሁን። ካሜራውን የት አቆምከው? መቼ ጀመርክ? ማን ወደ ፍሬሙ ገባ፣ ማን ወጣ? አምስቱን አብራችሁ እዩና ተከራከሩ። ስለ ዳይሬክቲንግ ብዙ ነገር እዚያ ክርክር ውስጥ አለ።

«የምንጠይቀው ሰው የለም» ላልከው፣ ተማሪ ሆኖ የጀመረውን አንድ የጎንደር ልጅ አስብ። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም የቀረጸው ሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። አገር ቤት መጥቶ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ካልሆነ ሰዎች ጋር፣ በሁለት ሳምንት ጨረሰው። በዚያ ፊልም 400 ጫማ ጥቅል የሚይዘው 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ሥራ በዚያ ሁኔታ የሚያወጣ ሰው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። እናንተ ስልካችሁ እስኪሞላ መቅረጽ ትችላላችሁ። ቢሆንም ሁለት ቀን ያለ ካሜራ ተለማመዱ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጎንደር የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላይብረሪ ውስጥ በስልክ የቀረጽነው ትዕይንት ላይ ጥቁር መስመሮች ይንቀሳቀሳሉ። ላፕቶፔም ኤዲት ሳደርግ ቀጥ ይላል። ሌላው ደግሞ ድምፁና የከንፈር እንቅስቃሴው መጀመሪያ ይገጥምና እየቆየ ይለያያል። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ ስልክሽ ደህና ነው እህቴ። መስመሩን ያመጣው የመብራታችን ዓይነት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ብዙ ስልክ ደግሞ ሲገዛ በሰከንድ 30 ፍሬም እንዲቀርጽ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፤ ያ ለ60 ሄርዝ አገር ይስማማል። 25 ፍሬም አድርጊው፤ የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለት እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አቁሚው። የስልክሽ ፕሮ ሞድ ለቪዲዮ ይህን ካልፈቀደ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው አፕ በነፃ ነው፤ ስልክሽ ከተቀበለው እሱን ጫኚ። የተቀረጸውን ግን ለማዳን አትድከሚ። በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ አምፖል ሳይበራ ድገሙት።

የከንፈሩ ነገር ሌላ ነው። ስልክ የፍሬሙን ፍጥነት እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ እየቀያየረ ይቀርጻል። ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ግን ቋሚ ፍጥነት ይጠብቃል። ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እያንዳንዱን ፋይል በሱ ቋሚ 25 ፍሬም አድርገሽ ቀይሪና ከዚያ ኤዲት ጀምሪ።

ላፕቶፑ እንዳይቆም በ4ኬ አትቅረጹ፤ 1080 ለግቢ አዳራሽ ከበቂ በላይ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ ሌላው ፕሮግራም ፕሮክሲ የሚባል ቀላል ቅጂ ይሠራልሻል። በቀላሉ ቅጂ ትቆርጫለሽ፤ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ዋናው ይመልሰዋል። ኦሪጅናሉን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዱ ካንቺ ጋ፣ ሌላው ሌላ ሰው ጋ።

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ የተወለድኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለክፍል ሥራ ስለ አያቴ አጭር ዶክመንተሪ እየሠራሁ ነው፤ የምትናገረው በአማርኛ ነው። ከሥሩ የድሮ ትዝታ ዘፈን ላደርግበት አስቤያለሁ። ዘፋኙ ስለሞተ ችግር አለው?»

መልስ፦ ችግር አለው ልጄ። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ዘፋኙና ድምፁን ያሳተመው ወገንም የየራሳቸው መብት አላቸው። አንቺ ያለሽበት አገርም የራሱ ሕግ አለው። ለክፍል ብቻ ስታሳዪው ማንም ላይጠይቅሽ ይችላል። ፌስቲቫል ስትልኪው ግን ለሙዚቃው ፈቃድ እንዳለሽ ይጠይቁሻል፤ ያኔ ደግሞ ፊልሙን በዘፈኑ ልክ ቆርጠሽዋልና ማውጣት ያምሻል።

ትዝታ ቅኝት ነው፤ ቅኝቱ የማንም ንብረት አይደለም። በአካባቢሽ ክራር የሚደረድር ወጣት ፈልጊና በትዝታ ቅኝት አዲስ ነገር ይጫወትልሽ። ከዚያ በፊት ግን አያትሽን ለልጆቻቸው ምን እያሉ እሹሩሩ ይሉ እንደነበር ጠይቂያቸው። ካሜራውን አጥፊና ድምፅ ብቻ ቅጂ፤ ሰው ካሜራ ሲጠፋ ይለቃል። ምናልባት ሙዚቃ ጭራሽ ላያስፈልግሽ ይችላል። ክራር ተጫዋቹ ጋር ግን ወዳጅሽ ቢሆንም በጽሑፍ ተስማሙ። ማን እንደተጫወተው፣ ፊልሙ የት የት እንደሚታይ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ይስፈርበት። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ።