ለካሜራው የተከፈተው ፖርት

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ያሉት የሂሳብ ሥራ ቢሮ አለን። ራውተሩን የገጠመልን ባለሙያ ካሜራውን ከቤት ሆነን በስልክ እንድናይ ፖርት (ከውጭ መግቢያ በር የሚሆን ቁጥር) 8000ን፣ የሂሳቡን ኮምፒውተር ከርቀት እንድንጠቀም ደግሞ 3389ን ከፍቶልናል። «ራውተሩ አድራሻችሁን ስለሚቀይር ከውጭ ማንም አያያችሁም» ብሎን ነበር፤ ሰሞኑን ግን የካሜራው መቅረጫ ሌሊት ከማናውቃቸው አድራሻዎች የተደረጉ የመግባት ሙከራዎችን መዝግቦ አገኘን። አዘዞ ባለው ቅርንጫፋችን ደግሞ ያው ሥራ ተሠርቶ ካሜራው ከውጭ ጭራሽ አይታይም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይህን መልስ አንብበው ከመጨረስዎ በፊት 3389ን ያዘጉት። የብዙ ነጋዴ ሂሳብ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር በፓስወርድ ብቻ ተጠብቆ ለውጭ ክፍት ሊሆን አይገባም፤ ቁጥሩን ወደ ሌላ መለወጥም አይበቃም።

ባለሙያው የነገራችሁ ግማሹ እውነት ነው። የአድራሻ ትርጉም፣ ማለትም ራውተሩ አድራሻችሁን የሚቀይርበት አሠራር፣ የሚሠራው እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ኮምፒውተሮቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር፣ በኢንተርኔት ላይ የማይጓዝ የውስጥ አድራሻ አላቸው። አንዱ ጥያቄ ሲልክ ራውተሩ የላኪውን አድራሻና የፖርት ቁጥር በወጪ መዝገቡ ላይ ይጽፍና ደብዳቤውን በቢሮው አንድ የውጭ አድራሻ ያወጣዋል፤ መልሱ ሲገባም መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ከመዝገቡ ጋር የማይገጥም ገቢ ሲመጣ የሚጥለው ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ እንጂ ተጠራጥሮ አይደለም፤ መጠራጠር የፋየርዎሉ፣ ማለትም ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው ዘብ፣ ሥራ ነው። ፖርት መክፈት ደግሞ «በዚህ ቁጥር የመጣውን ሁሉ ሳትጠይቅ ለካሜራው ስጥ» የሚል ቋሚ ትእዛዝ ነው።

ሌሊት የሚያንኳኩት ቢሯችሁን ለይተው የሚያውቁ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ዜድማፕ የተባለ ፈታሽ ፕሮግራም በዓለም ያሉትን የአራተኛው ስሪት አይፒ (የኢንተርኔት) አድራሻዎች በአንድ ፖርት ላይ ከአንድ ኮምፒውተር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መፈተሽ ችሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተስፋፋው ሚራይ የተባለው ቫይረስ የወረረውም የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ፖርቶች አዘግተው ራውተሩ ላይ ቪፒኤን፣ ማለትም ቁልፍ ያለው ብቻ ከውጭ ወደ ቢሮው የሚገባበት የተመሰጠረ መስመር፣ ያስገጥሙ። ራውተሩ ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ዓይነት የሚደግፍ ከሆነ ዩዲፒ በተባለው የመላኪያ ዘዴ አንድ ፖርት፣ በተለምዶ 51820፣ ይበቃል፤ ትክክለኛውን ቁልፍ ላልያዘ ፈጽሞ መልስ ስለማይሰጥ ፈታሽ ፕሮግራም ቪፒኤኑ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ዩፒኤንፒ የተባለውን፣ መሣሪያዎች በራሳቸው ፖርት የሚያስከፍቱበትን የራውተር አገልግሎትም ያጥፉ፤ አለበለዚያ ካሜራው ራሱ ራውተሩን ጠይቆ የዘጋችሁትን መልሶ ሊያስከፍት ይችላል። ራውተሩን ከውጭ ማስተዳደር ይዘጋ፣ የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ይቀየር፣ ፋርምዌሩ (የራውተሩ የውስጥ ፕሮግራም) ይታደስ። ደንበኞች ዋይፋይ የሚጠቀሙ ከሆነም በእንግዳ ኔትወርክ ይለዩ።

ወደ አዘዞው ልምጣ። በራውተሩ የሁኔታ ገጽ ላይ የውጭ አድራሻውን ይመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ አገልግሎት ሰጪው ራሱ ዳግመኛ አድራሻ እየተረጎመ ነውና እናንተ የከፈታችሁት ፖርት ወደ ውጭው ዓለም አይደርስም። የሕዝብ አይፒ፣ ማለትም ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ፣ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ የምመርጠው ግን የአዘዞው ራውተር ወደ ፒያሳው ቪፒኤን እንዲደውል ማድረግ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ግንኙነት አይከለከልምና። ሥራ የሌለበት ግንኙነት ከወጪ መዝገቡ ስለሚሰረዝ በየ25 ሰከንዱ አጭር መልእክት እንዲልክ ይደረግ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱም ቢሮዎች በ192.168.1 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ እንዳልያዙ ያረጋግጡ፤ ከያዙ አድራሻዎቹ እንዳይምታቱ የአዘዞውን ለምሳሌ ወደ 192.168.20 ያስቀይሩ።