ለኤች110 ማዘርቦርድ ሊገዙ ስለታሰቡት ዕቃዎች

ሰላም ለእርስዎና ለመላው የግሩፑ አባላት። በባሕር ዳር ፖሊ በሚባለው አካባቢ የቤት ዲዛይንና የኅትመት ሥራ የሚሠሩት አባላችን፣ ኤች110 ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ባለው ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን ኮር አይ3-6100 ፕሮሰሰር አንሥተው ኮር አይ5-9400ኤፍ ለመግጠም፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዓይነት) እና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ ለመጨመር አስበው፣ ሁሉም ከማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ከሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ) ጋር ይስማሙ እንደሆነ ጠይቀዋል። ዕቃውን የሚያመጣላቸው ሰው በዚህ ሳምንት ከአዲስ አበባ እንደሚመለስም ጽፈዋል። እዚሁ ባሕር ዳር በጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን ፕሮሰሰሩ እንዳይገዛ ዛሬውኑ ደውለው ያስቁሙ።

ሻጩ «ሶኬቱ አንድ ስለሆነ ይገጥማል» ማለቱ በከፊል እውነት ነው። የሁለቱም ፕሮሰሰሮች ሶኬት (በቦርዱ ላይ የሚገጠሙበት ቦታ) ኤልጂኤ 1151 ይባላል፤ ፕሮሰሰሩም ቦታው ላይ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛውን ትውልድ ፕሮሰሰር ሲያወጣ የሶኬቱን የእግር ብዛት ሳይለውጥ የአንዳንዶቹን እግሮች ሥራ ስለቀየረ፣ 8ኛውና 9ኛው ትውልድ (አይ5-9400ኤፍ 9ኛው ነው) የሚሠሩት ባለ 300 ተከታታይ ቺፕሴት ቦርዶች ላይ ነው። በእርስዎ ቦርድ ላይ ቢገጠም ማራገቢያው ይዞር ይሆናል እንጂ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። በተጨማሪም በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኤፍ» ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው የምታመለክት ስለሆነች፣ በሚስማማው ቦርድ ላይም ቢሆን ያለ ግራፊክስ ካርድ ምስል አይሰጥም። ለእርስዎ ቦርድ የሚሆኑት 6ኛውና 7ኛው ትውልድ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ለዲዛይን ሥራ የሚመረጡት አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ያላቸው (ስምንት ሥራ ጎን ለጎን የሚያስኬዱ) አይ7-6700 እና አይ7-7700 ናቸው።

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የቦርዱን ሙሉ ስም ማወቅ ይኖርብዎታል። በጥያቄዎ ላይ የጻፉት ኤች110 የቺፕሴቱ ስም ነው፤ በዚሁ ቺፕሴት የተለያዩ አምራቾች ብዙ ዓይነት ቦርድ ሠርተዋል። አብዛኞቹ ዲዲአር4 ራም ሲቀበሉ፣ በስማቸው መጨረሻ ዲ3 ወይም ዲዲአር3 የሚል የተጨመረባቸው ግን ዲዲአር3 ነው የሚቀበሉት፤ ኤም.2 (ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ የሚገባበት) ማስገቢያ ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። ስሙን ለማግኘት በዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ከፍተው «ቤዝቦርድ ፕሮዳክት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ይቅዱ፤ በዚያው ገጽ ያለውን የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ቨርዥንና ቀንም አብረው ይመዝግቡ። እኔ በዚህ ብቻ አልረካም። ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅዬ የጎኑን ክዳን ከከፈትኩ በኋላ በስልክ መብራት ቦርዱ ላይ የታተመውን አነብባለሁ፤ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ በግራፊክስ ካርዱ ማስገቢያ ዙሪያ ወይም ከራሙ አጠገብ ሲሆን፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ «ሪቪ» ከሚል ቃል ጋር የሪቪዥን ቁጥሩ በትንንሹ ይገኛል። በዚህ ስምና ሪቪዥን የአምራቹን ድረ ገጽ ፈልገው ቦርዱ የሚደግፋቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ሲከፍቱ፣ በእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ፊት ለፊት ከየትኛው ባዮስ ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፎ ያገኙታል። የሻጭ ቃልና ይህ ዝርዝር ከተጋጩ ዝርዝሩን ይመኑ።

ባዮሱን ማየት የሚያስፈልገው፣ ኤች110 እ.ኤ.አ. በ2015 ከ6ኛው ትውልድ ጋር የወጣ በመሆኑ 7ኛውን ትውልድ ለመቀበል ብዙዎቹ ቦርዶች የባዮስ እድሳት ስለሚጠይቁ ነው። እድሳቱ መደረግ ያለበት አሮጌው አይ3 እንደተገጠመ ነው፤ አዲሱ ከገባ በኋላ ኮምፒውተሩ ካልተነሣ፣ አሮጌውን መልሰው ካልገጠሙ በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ ባዮሱን የሚያድሱበት መንገድ አይኖርዎትም። መብራት በመካከል ቢጠፋ ደግሞ ቦርዱ ጨርሶ ሊሞትና የባዮሱ ቺፕ ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ እንደገና ካልተጻፈ በስተቀር ላይነሣ ይችላል። በከተማችን፣ በተለይ በክረምት፣ መብራት ሳይታሰብ እንደሚሄድ ሁላችንም ስለምናውቅ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ባዮስ እንዲያድሱ በፍጹም አልመክርም። አይ7-7700 በፍጥነት ትንሽ ቢበልጥም ይህን ሁሉ ስጋት የሚያካክስ አይመስለኝምና የእኔ ምርጫ አይ7-6700 ነው።

በራም በኩል ብዙ ሰው ሲጎዳ ያየሁት ዲዲአሩን ብቻ አይቶ በመግዛት ነው። አንድ ደንበኛ ርካሽ ስላገኘ ከአዲስ አበባ ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 አስመጥቶ ነበር፤ ማስገቢያው ውስጥ በትክክል ቢቀመጥም ኮምፒውተሩ አልነሣም፤ የሰርቨር ራም ነበርና። ሻጩም የተሸጠ ዕቃ አልመልስም ብሎት ገንዘቡ እንደዋዛ ቀረ። ይህ እንዳይደርስብዎት ዕቃውን የሚያመጣልዎት ሰው የራሙን መለያ በስልክ አንሥቶ ይላክልዎት። በብዙዎቹ ላይ «ፒሲ4-2400ቲ-ዩ» የሚመስል ጽሑፍ አለ፤ ከሁለተኛው ሰረዝ ቀጥሎ የምትመጣው ፊደል «ዩ» ከሆነች የተለመደው የዴስክቶፕ ራም ነው፣ «አር» ከሆነች የሰርቨር ነው፣ «ኤስ» ከሆነች ደግሞ አጭሩ የላፕቶፕ ራም ነው። ኤች110 ሁለት የራም ማስገቢያና ቢበዛ 32 ጊጋባይት ስለሚደግፍ፣ ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ቢገዙ በሁለት ቻናል (በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ) ስለሚሠራ ይሻላል። ለ3200 ፍጥነት ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ፤ በ6ኛው ትውልድ በ2133 ነው የሚሠራው።

ኤስኤስዲውን በተመለከተ፣ ቦርዱ ኤም.2 ማስገቢያ ከሌለው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ቢኖረውም በኤች110 ቺፕሴት በኩል የሚያልፈው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 (የቆየና ቀርፋፋ የመረጃ መስመር) ስለሆነ የከፈሉበትን ፍጥነት በሙሉ አያገኙም፤ አንዳንዱ ማስገቢያም ሳታ የሚባለውን ቀርፋፋ የኤስኤስዲ ዓይነት ብቻ ይቀበላል። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይግዙ።

ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ከቦርዱ ጋር ይስማማል፤ ችግሩ የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚሰጠው ክፍል) ነው። ካርዱ እስከ 125 ዋት ስለሚወስድና ማስገቢያው የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ፣ ቀሪውን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 8 እግር በሆነ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ይቀበላል። ፓወር ሰፕላይዎ 500 ዋት እንደሆነ ጽፈዋል፤ ነገር ግን በጎኑ ባለው ሠንጠረዥ ላይ በ12 ቮልት ስር ስንት አምፒር እንደተጻፈ ይመልከቱና በ12 ያባዙት። 18 አምፒር ብቻ ከሆነ 216 ዋት ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ 65፣ ካርዱ 125 ሲወስዱ ለሌላው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ባለ 8 እግሩ ገመድ ከሌለው ደግሞ ከሳታ ገመድ በሚቀጠል አዳፕተር ለመሥራት አይሞክሩ፤ የሳታ ማገናኛ ለዚህ ያህል ኃይል አልተሠራም፣ ሲቀልጥም አይቻለሁ። ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ካልቻሉ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ዓይነት ጂቲኤክስ 1650 ይበቃዎታል። የትኛውንም ካርድ ከመግዛትዎ በፊት በኬዙ ውስጥ ከኋላው ጠርዝ እስከ ሀርድ ዲስኩ ማስቀመጫ ያለውን ርዝመት በሜትር ይለኩ።

የቦርዱን ሙሉ ስም፣ የባዮስ ቨርዥኑንና የፓወር ሰፕላዩን መለያ ፎቶ እዚሁ ቢለጥፉልን፣ ሰውየው አዲስ አበባ እያለ ዝርዝሩን ከእርስዎ ጋር አይቼ የሚገዛውን በስም እጽፍልዎታለሁ።