ሳሎኑን ያጨለመው የጓሮው ቆርቆሮ ነው

ከአያት አካባቢ አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ቤታችን 175 ካሬ ላይ ያረፈ ቪላ ነው። ሳሎናችን በጠራራ ፀሐይ መብራት ካልበራ አያስነብብም። ፊት ለፊታችን ፎቅ ስለተሠራ መጋረጃ ከፍተን አናውቅም። አንጸባራቂ መስታወት አስገባን፣ ማታ ግን ከመንገድ እንታያለን። ሰርቪሱና ዋናው ቤት መካከል ያለውን ሁለት ሜትር ተኩል መተላለፊያ ዝናብ እንዳያስቸግር ቆርቆሮ አልብሰነዋል። የሳሎኑ ጣሪያ ላይ ያስገባነው ፕላስቲክ ቆርቆሮም ኮርኒሱን አበላሸው። በጓሮ በኩል ያለው ጥግ ደግሞ ይሻግታል። አሁን የፊቱን ግድግዳ አፍርሰን ከላይ እስከ ታች መስታወት ልናደርገው ነው። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ የፊቱን ግድግዳ ተዪው። ከላይ እስከ ታች መስታወት ብታደርጊውም ከላይ እስከ ታች መጋረጃ ትሰቅይበታለሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው መተላለፊያው ላይ ነው። ቤቱን ባላየውም ጥፋቱ እዚያ ነው እላለሁ። ሳሎን ጨልሞ የጓሮው ጥግ ሲሻግት ብርሃኑም ነፋሱም አንድ ቦታ ላይ ተዘግቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ሁለት ሜትር ተኩል ጠባብ ቢመስልም ከላይ ክፍት ከሆነ ብዙ ብርሃን ይወርድበታል። እናንተ ግን ክዳን ደፋችሁበት።

ወጪ ሳታወጪ ሞክሪው። ዝናብ በሌለበት ቀን ወደ መተላለፊያው ከሚከፈተው የሳሎኑ መስኮት ፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ቅጠል ቆርቆሮ አስነሺ። 6 ሰዓት ላይ መብራቱን አጥፍተሽ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ይዘሽ ተቀመጪ። ካነበብሽ ቀሪውንም አንሺው።

ከዚያ መተላለፊያውን ውስጠ ግቢ አድርጊው። የሰርቪሱን ግድግዳ ነጭ ቀቢው፤ ብርሃኑን መልሶ ወደ ሳሎን ይወረውረዋል። ለልብስ ማስጫ አንድ ጥግ ብቻ ከልዪ። ወለሉ ከሳሎኑ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ወደ ውኃ መውረጃው በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። በረዶ ሲዘንብ ወንፊቱ ስለሚደፈን ሁለተኛ መውጫ አይቅር።

አሁን ወደ መስኮቱ። ሳሎኑን ወደ ውስጠ ግቢው ለመክፈት ወርዱን አታስፊው። ከመስኮቱ በታች ያለውን ብሎኬት ብቻ አውርደሽ እስከ ወለሉ በር አድርጊው። ከላይ ያለው አርኪትራቭ፣ ማለትም ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ የተሸከመው አግዳሚ አርማታ፣ ሳይነካ ይቆያል፣ ሥራውም ቀላል ነው። ሁለቱን መስኮት አንድ ለማድረግ መሀል ያለውን ግድግዳ እንምታው የሚል ባለሙያ ከመጣ ግን አስቁሚው። መጀመሪያ ልስኑ ይነሣ። ፌሮ ወይም አርማታ ከታየ ኮለን፣ ማለትም ቤቱን የተሸከመ ምሰሶ ነው፤ አይነካም። ብሎኬት ብቻ ቢሆንም በሁለቱም ወገን ጠንካራ ድጋፍ ሳይቆምና መሐንዲስ ሳያየው አንድ ብሎኬት እንዳይነቀል። «ግድግዳ ነው እንጂ ምን ይሆናል» ተብሎ ኮለን በመዶሻ ሲፈለጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከላይ ሰው ይኖር ነበር።

ስለ አንጸባራቂው መስታወት ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ነገር ነው። መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን አለ። የመጣበትን ብርሃን ከፊሉን ይመልሳል፣ ከፊሉን ያሳልፋል። ይህን የሚያደርገው ከውጭ ለሚመጣውም ከውስጥ ለሚወጣውም ነው። ማን እንደሚታይ የሚወስነው የትኛው ወገን ይበልጥ ይበራል የሚለው ብቻ ነው። ቀን ውጭው ስለሚበራ መንገደኛው መስታወቱ ላይ የራሱን መልክ ያያል። ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት ስታበሪ ነገሩ ይገለበጣል። የራስሽን መልክ የምታዪው አንቺ ነሽ፤ መንገደኛው ደግሞ እናንተን እንደ ቴሌቪዥን ያያችኋል። ልጆቹን ውስጥ አስቀምጠሽ መንገዱ ላይ ቆመሽ እዪው። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ከሚገባው ብርሃን ላይ ይቀንስብሻል። መስታወቱን የሸጠልሽ ሰው ይህን ሊነግርሽ ይገባ ነበር።

ስለዚህ በፊት በኩል ከፍ ብሎ የተቀመጠ መስኮት ይበጅሻል። ከአርኪትራቩ በላይና ከጣሪያው ስር ዙሪያውን ከታሰረው የአርማታ ቀበቶ (ቢም) በታች ሁለት ረድፍ ብሎኬት ካለ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ረጅም መስኮት ይወጣዋል። በእሱ የሰማይ ብርሃን ይገባላችኋል፣ መንገደኛው ግን አያያችሁም። ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ቁልቁል እንዳትታዩ መስታወቱ ብርሃን የሚያስገባ፣ የማያሳይ ዓይነት ይሁን። እዚህም ድጋሚ እላለሁ፦ ቢሙና ኮለኑ አይነኩም። ቢሙ ጣሪያውን የያዘ ነው።

ጣሪያው ላይ ያለውን ፕላስቲክ አንሥተሽ በቆርቆሮ ተኪው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ በረዶ ይሰነጥቀዋል። የሠራልሽ ሰው ሚስማሩን ያለ ጎማ መትቶት ይሆናል፤ የኮርኒሱ እድፍ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ ከሆነ እሱ ነው። ሲልከን ደራርቦ መቀባት ለአንድ ክረምትም አይበቃም።

ለጓሮው በር ርካሽ አልሙኒየም አትግዢ። ፕሮፋይሉን፣ ማለትም የበሩን የአልሙኒየም ፍሬም፣ በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ከገባ መልሺው። በሩ የሚንሸራተትበት ጎማ ዓመት ሳይሞላው ተሰብሮ በሩን እየጎተታችሁ ትኖራላችሁ። ልጆች ስላሉ መስታወቱ ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ ይሁን። ቴምፐርድ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፤ ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ልስኑ ካለቀ በኋላ ነው።

ፈቃዱን ከክፍለ ከተማው ጠይቂ። ልስኑ እንደተነሣ፣ አንድ ብሎኬት ሳይወጣ፣ ግድግዳውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ኮለኑ የት እንዳለ አብረን እናያለን።